«ደህና ነኝ» ስንል ድምፃችን ምን ይላል?

እዚህ መንደር 8 ያላችሁ፣ ከዚህ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ የተዛወራችሁ፣ ገዳሪፍ ከተማ የቀን ሥራ ላይ ያላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ ስልካችንን የምትጠብቁ እናቶችና አባቶች፣ በዐረብ አገር፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆናችሁ ከደመወዛችሁ የምታካፍሉን ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

ዛሬ ስለ ራሽን፣ ስለ ድንኳንና ስለ ምዝገባ አልጽፍም። ስለ ድምፃችን ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ብዙው ነገር እነሱን ይመለከታል። በመንደራችን ትግርኛም፣ አማርኛም፣ ዐረብኛም ይነገራል። በአማርኛ የጻፍኩት ብዙዎቻችን የምንግባባበት ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

አገር ቤት ሳለን ለቃላችን ብዙ ዋስ ነበረው። አባታችን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጎረቤት ነበረ። የዕድር ዳኛ፣ የንስሐ አባት፣ የመስጊድ ሼህ ነበሩ። «እሱ እንዲህ አይልም» ወይም «እሷ ካለች እውነት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። እዚህ ግን የሚያውቀን የለም። መሬቱም፣ ቤቱም፣ የብዙዎቻችን መታወቂያም ከኋላ ቀርቷል። ስልክ የሚያነሳው ዘመድ፣ ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠው መርማሪ፣ በገበያ የምናገኘው ሱዳናዊ የሚያምነን በተናገርነውና በተናገርንበት ድምፅ ነው።

አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁ ነበር። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት ተሟጋቹ ምንም ያህል ቢራቀቅ፣ ድምፁ አደባባዩን ቢሞላው፣ «ዋስ ጥራ» ይባል ነበር። ያማረ አነጋገር ብቻውን አይታመንም። እኔም ዛሬ የምለው ይህንኑ ነው። ድምፃችን ትልቅ ነገር ያስገኛል፣ ግን ዋስ ይፈልጋል። ዋሱ እውነት ነው። ድምፃችንና እውነታችን ሲለያዩ ደግሞ ዕዳውን የሚከፍሉት አብዛኛውን ጊዜ የምንወዳቸው ሰዎች ናቸው።

1. ለእናት የሚደወል ስልክ

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ሌሊት ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ከፊላችን ተከዜን ተሻግረን በሐምዳይት፣ ከፊላችን በሉግዲ በኩል ገባን። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ብዙ እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ ወራት፣ አንዳንዷም ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠች። ቀይ መስቀልና የሱዳን ቀይ ጨረቃ በነጻ የሚያስደውሉበትን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ለደቂቃዎች ንግግር ሰው ፀሐይ ላይ ተሰልፎ ይውል ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እናቶቻችን «ቃልህን ልስማ» አይሉም፤ «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ነው የሚሉት። ሰው ሲጠፋ «ድምፅህ ጠፋ» ነው የምንለው። እናት ከቃሉ በፊት ድምፁን ትሰማለች። ልጅ «ደህና ነኝ፣ ሁሉ ሰላም ነው» ሲል እሷ «ድምፅህ ልክ አይደለም፣ አመመህ እንዴ?» ትላለች። ሺህ ኪሎ ሜትር ቢርቅም፣ ኔትወርኩ ቢቆራረጥም አትሳሳትም። እኛ ስልኩን ዘግተን ወደ ሥራችን ስንሄድ እሷ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ድምፅ ስታብሰለስል ታድራለች።

በመንደራችን ሁለት ዓይነት የተበላሸ ድምፅ እሰማለሁ።

የመጀመሪያው ከልክ በላይ ደስ የሚለው ድምፅ ነው። «እዚህ ምንም ችግር የለም፣ ሥራም አለ፣ አታስቡ።» የሚናገረው ልጅ ክፉ አይደለም። እናቱን ማሳረፍ ፈልጎ ነው። ግን ስልኩን የሚሰማው እናት ብቻ አይደለም። አጠገቧ የ17 ዓመት ታናሽ ወንድም ቁጭ ብሏል። እሱ የሚሰማው «ሱዳን ደህና ነው» የሚለውን ነው። በዚያ ላይ ገዳሪፍ ገበያ በተውሶ ጫማ የተነሣነው ፎቶ፣ ዘፈን የገባበት የቲክቶክ ቪዲዮ ይጨመራል። ልጁ ለማንም ሳይናገር ይነሣል። ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ወዲህ ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ናት። ካርቱም የነበሩ ወገኖቻችን ዳግመኛ ተሰድደው ወደ ገዳሪፍ መጥተዋል፤ ሱዳናውያኑም ከቤታቸው ተፈናቅለው እዚሁ ክልል በትምህርት ቤት ተጠልለዋል። ይህ ሁሉ እየሆነ «ሰላም ነው» የምንለው ድምፅ ሰውን ከቤቱ ያስነሣል።

ሁለተኛው ከልክ በላይ የሚያለቅሰው ድምፅ ነው። በሪያድ ወይም በቤሩት ሰው ቤት ለምትሠራ እህት ይደወላል። ገና ሰላምታው ሳያልቅ ድምፁ ይሰበራል። ያመመውም ያላመመውም «ልሞት ነው» ይላል። እሷም ያልበላችውን ትልካለች። አንዴ ይሠራል፣ ሁለቴ ይሠራል። ሦስተኛው ላይ ስልኩ አይነሣም። ጅብ መጣ እያለ መንደሩን ያስሮጠውን እረኛ ሁላችንም በልጅነታችን ሰምተናል። የእኛን ነገር የከፋ የሚያደርገው ግን በዚህ መንደር ጅቡ በእውነት የሚመጣ መሆኑ ነው። ወባ አለ፣ ምጥ አለ፣ የእባብ ንድፊያ አለ። በዚያን ቀን የሚደውለው ሌላ ልጅ ነው፤ የሚያለቅሰውም በእውነት ነው፤ የቀድሞው ልቅሶ ግን የእሱን ጆሮ በልቶበታል።

በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ድምፅ አለ። እንዲህ ይላል፦ «እማዬ፣ ባለፈው ሳምንት ወባ ይዞኝ ነበር። መድኃኒት አግኝቼ ተሽሎኛል። ድምፄ የደከመው ለዚያ ነው። ሥራ ግን የለም። ስለዚህ ወንድሜ እንዳይነሣ ንገሪልኝ፤ ስልኩን ስጪውና እኔም ልንገረው።» ይህች እናት ትጨነቃለች፣ አልዋሽም። ነገር ግን የምትጨነቀው በሚታወቅ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ደህና ነኝ» ሲላት ታምነዋለች። መታመን ማለት ይኸው ነው፦ ያመመህን ቀን አመመኝ ስላልክ፣ የዳንክ ቀን ድኛለሁ ስትል ቃልህ ይይዛል።

ለዘመዶቻችንም አንድ ነገር ልበል። እናንተ የምትጠይቁበት ድምፅ የእኛን መልስ ይወስናል። «ሌላው ልጅ ለእናቱ ላከ፣ አንተስ?» ብሎ የጀመረ ስልክ ውስጥ እውነት መናገር ይከብዳል። «አይዞህ» የምትለውን ቃል ደግሞ ሁላችንም እናውቃታለን። ወሬ ለመዝጊያ የምትባል አይዞህ አለች፤ ሰው አጠገብህ እንደ ተቀመጠ የምታደርግ አይዞህ አለች። ፊደሏ አንድ ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው የሰማት ሰው ነው። ለልጆቻችሁ እውነት የሚናገሩበትን ፋታ ስጧቸው። ዝም ሲሉ ቶሎ «ሃሎ? ሃሎ?» አትበሉ። አንዳንዴ ኔትወርኩ አይደለም የተቋረጠው።

2. የደላላ ድምፅ

«እውነተኛ ድምፅ» ስል ለስላሳ ድምፅ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በዚህ ድንበር እጅግ ለስላሳው ድምፅ የደላላ ነው።

ደላላ አይጮህም። «ወንድሜ» ይላል፣ «እህቴ» ይላል፣ የአገርህን ስም ይጠራል፣ በቋንቋህ ይቀልዳል። ስለ ሊቢያ ሲያወራ ጓዳውን እንደሚያሳይ ሰው ነው። ታዲያ በምን ይታወቃል? እኔ የማያቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ «አላውቅም» አይልም። መንገዱን፣ ፖሊሱን፣ ባሕሩን፣ የአየር ጠባዩን ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ያጣድፍሃል፤ «ዛሬ ማታ ካልሆነ ቦታው ይሞላል» ይላል። ሦስተኛ፣ «ለማንም እንዳትናገር፣ ለእናትህም ቢሆን» ይላል። አራተኛ፣ ደግመህ ስትጠይቀው ያ ማር የመሰለ ድምፅ ድንገት ይጎረብጣል። እውነተኛ ሰው ሁለት ጊዜ ቢጠየቅ ሁለት ጊዜ ይመልሳል እንጂ አይቆጣም።

ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚመጣ ይህ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል። ከ2009 እስከ 2014 ባሉት የፈረንጅ ዓመታት ከከሰላና ከሸገራብ አካባቢ የታፈኑ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ ወደ ሲና በረሃ ተወስደዋል። አጋቾቹ ለቤተሰብ ደብዳቤ አልጻፉም። ስልክ ደውለው ልጁን እያሠቃዩ ጩኸቱን አሰሙ። ዛሬም በሊቢያ ያለው ሥራ ይኸው ነው። ድምፅ የእናትን አንጀት እንዴት እንደሚቆርጥ ከእኛ ይልቅ አጋቾች አጥንተውታል። መሬት አስሸጥተውበታል፣ ቤት አስሸጥተውበታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አደራ። እዚህ ላለነው፦ ጣፋጭ ድምፅ ስትሰሙ ዋስ ጠይቁ። «አንተ የወሰድከው፣ የደረሰ፣ አሁን ደውዬ የማናግረው ሰው ማን ነው?» በሉት። አገር ቤት ላላችሁ፦ «ልጅሽ ተይዟል፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ሲመጣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁ። የሞተችውን ላም ስም፣ በልጅነቱ የወደቀበትን ዛፍ። በተቀዳ ልቅሶና በተመሳሰለ ድምፅ ገንዘብ የሚበሉ አሉ። እንዲህ ያለ የቤተሰብ ጥያቄ ዛሬውኑ ተስማሙበት፤ ነገሩ ከመጣ በኋላ ማሰብ አይቻልም።

3. ከጠረጴዛው ፊት

አሁን ደግሞ ወደ ቃለ መጠይቁ እንምጣ። ብዙ ሰው በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝ ስለዚህ ነው፦ «ምን ብል ይሻለኛል?»

በመንደሩ «ኬዝ» የሚሸጡ ሰዎች አሉ። «ይህን ታሪክ ከተናገርክ ታልፋለህ» ብለው የሌላ ሰው መከራ በገንዘብ ይሸጡልሃል። አትግዙ። የተመዘገብነው የራሳችን መከራ አንሶን አይደለም። የተሸመደደ ታሪክ ድምፁ ያስታውቃል። እንደ ዳዊት ይወርዳል፣ አይደናቀፍም፣ መሐል ላይ ቢያቋርጡህ ከመጀመሪያው ካልጀመርክ አይቀጥልም። የራስህ ታሪክ ግን ከየትም ቢጀመር ታውቀዋለህ፤ ዝናብ እንደነበረ፣ ማን ከፊት እንደ ሄደ፣ ምን እንደ በላህ ታውቀዋለህ። ደግሞም የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው። ሌላ አገር ማስፈሩም እንደዚሁ። ለዚህ ገንዘብ የጠየቀህ ሰው ሌባ ነው።

ግን የእኛ ባህልና የእነሱ ጆሮ የማይገናኙበት ቦታም አለ። እኛ በትልቅ ሰው ፊት ዓይናችንን ሰበር፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ይህ አክብሮት ነው። ለማያውቅ ሰው ግን የሚደብቅ ሊመስለው ይችላል። ወንድ ልጅ አያለቅስም ተብለን አድገናል፤ ስለዚህ ወንድሙ ዓይኑ እያየ የተገደለበት ሰው የገበያ ወሬ እንደሚያወራ በደረቅ ድምፅ ይናገራል። አንዳንዷ እህት የደረሰባትን ልትናገር ስትል ሐፍረቱ በዝቶባት ትሥቃለች። እኛ ሣቁ ምን እንደሆነ እናውቃለን። የኮሚሽኑ መመሪያዎችም ሰውን በሁኔታው ብቻ አይታችሁ ውሸታም ነው አትበሉ ይላሉ። ቢሆንም እኛም እናግዛቸው። «ይህን ስናገር ድምፄ የማይሰበረው ስላልተሰማኝ አይደለም፤ ከተሰበረ መቀጠል ስለማልችል ነው» ብሎ በግልጽ መናገር ይቻላል። «ቀኑን አላስታውስም፣ ጤፍ የሚታጨድበት ጊዜ ነበር» ማለትም ይቻላል። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ሌላውን ንግግር ሁሉ ታስከብራለች።

አስተርጓሚውን ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ። እንዲቀየርላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ሴቶች ሴት አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ። ነውር የለበትም።

አስተርጓሚ ካልኩ በአንድ ስብሰባ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስለ ውሃ ነበር። አንዲት እናት ተነሥተው ብዙ ተናገሩ። ምራታቸው አራስ መሆኗን፣ ቧንቧው የሚከፈተው በጨለማ መሆኑን፣ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው አጥታ አዝላው እንደምትሰለፍ ተናገሩ። አስተርጓሚው «ውሃ አነሰን ይላሉ» ብሎ ተቀመጠ። እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የሰማ አንድ ጎረምሳ ብድግ ብሎ ጮኸ፤ እውነቱን ነበር፣ ግን ጣቱን እየቀሰረ ሲጮህ ደብተሮቹ ተከደኑ። ጭራሽ ስብሰባው ሊበተን ሲል እኒያ እናት እንደገና ተነሡ። ድምፃቸውን አላነሡም። ወደ አስተርጓሚው ዞረው «ልጄ፣ አሁን አንድ አንድ ነገር እላለሁ። አንድ ስል አንድ በልልኝ» አሉት። አንድ ዐረፍተ ነገር ተናግረው ዝም አሉ፤ እስኪተረጎም ጠበቁ። ደግሞ አንድ ተናገሩ። በሦስተኛው ላይ አንዷ እንግዳ ደብተሯን ከፍታ «ቧንቧው የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?» አለች። ያ ጥያቄ ነው ሥራ የሠራው፤ ከዚያ በኋላ የቧንቧው ሰዓት ወደ ንጋት ተገፋ። ዓለም አልተለወጠም፤ አራሷ ግን በጨለማ መሰለፍ ቀረላት።

ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ጋርም ነገሩ አንድ ነው። መንደር 8 ራሷ በግድብ ሥራ ምክንያት ከቀያቸው ለተነሡ ሱዳናውያን የተሠራች መንደር ናት። አስተናጋጆቻችን ከቤት መነሣት ምን እንደሆነ ያውቁታል። ሱዳናዊ ሰላምታ ይወዳል። «ከይፈክ? ተማም? ቤተሰብ ደህና ነው?» ሳይል ወደ ዋጋ አይገባም። የእኛ ልጆች ዐረብኛው ስለሚያጥራቸው በቀጥታ «በስንት?» ይላሉ፤ ሰውየው ቅር ይለዋል። ዐረብኛችሁ የተሰባበረ ቢሆንም ሰላምታውን ረጋ ብላችሁ ጨርሱ። ሰዋስው አይቆጥሩብንም። ንቀትን ግን በየትኛውም ቋንቋ ይሰማሉ።

4. በላይቭ ስለ መጮህ

አክቲቪስት ነን የምንል ሰዎችም ራሳችንን እንይ። በላይቭ ገብቶ የጮኸ፣ የተሳደበ፣ ጠረጴዛ የመታ ሰው ብዙ ተመልካች ያገኛል። ልቡ የተቃጠለ ሰው ቢጮህ አልፈርድበትም። ነገር ግን ጩኸቱ ለማን ነው? ሊረዳን የሚችለው ሰው ጆሮውን ይይዛል። የሚሰማን ቀድሞም የተናደደው ወገናችን ነው፤ እሱም ተናድዶ ወደ ቧንቧው ይሄዳል፣ እዚያ የሚያገኘው ከሌላ ወገን የመጣ ስደተኛ ነው። በንዴት የተላከች የ40 ሰከንድ የድምፅ መልእክት ከቴሌግራም ቴሌግራም ዞራ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳላት ሳይታወቅ ሰው ታጣላለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አንድ የታወቀ ስደተኛ ላስታውሳችሁ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው ተወርራ፣ ተሰድደው፣ በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ንጉሡን የምትወዱም የማትወዱም አላችሁ፤ የማወራው ስለ ፖለቲካቸው ሳይሆን ስለዚያች ሰዓት ነው። ገና ሊናገሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች ከላይ ሆነው በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አናወጡት። ንጉሡ አልመለሱላቸውም። ዝም ብለው ቆሙ። ረባሾቹ እስኪወጡ ጠበቁ፤ ከዚያ ንግግራቸውን ጀመሩ። ፈረንሳይኛ አሳምረው ያውቃሉ፤ የተናገሩት ግን በአማርኛ ነው። የመርዝ ጋዙን፣ የሞተውን ሕዝብ፣ የተገባላቸውን ቃል በረጋ ድምፅ ዘርዝረው ተናገሩ።

ታዲያ ተሰማላቸው ወይ? በዚያን ጊዜ አልተሰማላቸውም። በሳምንታት ውስጥ በጣሊያን ላይ የነበረው ማዕቀብ ተነሣ። ይህን የምለው በረጋ ድምፅ የተናገረ ሁሉ ፍትሕ ያገኛል ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው። የረጋ እውነተኛ ድምፅ የሚሰጠን ሌላ ነገር ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ አያሳፍርም። በዚያን ቀን የጮኹት ዛሬ ማፈሪያ ናቸው፤ የቆሙት ሰው ንግግር ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ንጉሡም ከእንግሊዝ ወደዚህ ወደ ሱዳን መጥተው፣ ጥር 12 ቀን 1933 በዚሁ በሱዳን ድንበር በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ።

5. መርዶ

የመጨረሻው ከሁሉም የሚከብደኝ ነው።

መርዶ በአገራችን ሥርዓት አለው። ጎረቤት ቀድሞ ይሰማል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል ይኬዳል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። ያች እናት ስትወድቅ የሚይዛት እጅ አለ። መርዶ ነጋሪ ሆኖ የሚመረጠው ዝም ማለት የሚችል፣ ድምፁ የሚታመን ሰው ነው።

ጦርነቱ ይህን ሥርዓት ሰበረው። ስንቱ ቤተሰብ ስልክ ተቋርጦ ሞት ሳይሰማ ኖረ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት አንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በጥቅምት 2016 መጀመሪያ በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ መርዶ በየቤቱ ሲገባ፣ እዚህ ያለነው በስልክ ነው ያለቀስነው። በጥር 2016 መጨረሻ ደግሞ በአብዛኛው ሱዳን ኔትወርክ ሲጠፋ ተራው የእነሱ ሆነ፤ አገር ቤት ያሉት ልጆቻቸው ይኑሩ ይሙቱ ሳያውቁ ሰነበቱ።

ዛሬ ግን ኔትወርክ እያለ መርዶ በፌስቡክ እየተነገረ ነው። ሰው ሳይቀበር ፎቶው ይለጠፋል፣ «ነፍስ ይማር» ይጻፍበታል፣ እናቱ ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ታየዋለች። ወገኖቼ፣ ይህን እንተው። ልለምናችሁ። ፎቶ ከመለጠፍ በፊት «እናቱ ሰምታለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልሰማች አትለጥፉ።

በስልክ መርዶ መንገር ግድ ሲሆንስ? መጀመሪያ ለጎረቤት ወይም ለንስሐ አባት፣ ለሼህ ደውሉ። ሰው ቤቱ ይግባ። በውድቅት ሌሊት ለብቻዋ ያለች እናት ላይ አትደውሉ። «ትንሽ አሞት ነው» እያላችሁ ለሳምንታት አትደብቁ፤ የውሸት ተስፋ ሁለተኛ ሞት ነው። ሰው መሰብሰቡን ካረጋገጣችሁ በኋላ በዝግታ፣ በግልጽ ቃል «አርፏል» በሉ። ከዚያ አትቸኩሉ። የምትሉት ነገር ሲያልቅ ስልኩን አትዝጉ። ልቅሶዋን ስሙ። እናንተም ካለቀሳችሁ አልቅሱ። በዚያች ሰዓት ከማንኛውም ማጽናኛ የሚበልጠው ከወዲያ የሚሰማው ትንፋሻችሁ ነው።

እንግዲህ አደራዬ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ቤት ስትደውሉ አንድ እውነተኛ ነገር ጨምራችሁ ተናገሩ፤ ትንሽም ቢሆን፣ በረጋ ድምፅ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ቤት ካለ ስልኩን አስጠርታችሁ መንገዱ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ ንገሩት፤ የደላላው ድምፅ ሳይቀድማችሁ። የቤተሰብ ጥያቄያችሁን ተስማሙ። ዘመዶቻችን ደግሞ ስልኩን ስታነሡ ከገንዘቡ በፊት «እስቲ ድምፅህን ልስማ» በሉን።

የሚጨመር ካለ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ ተሳስተሃል የምትሉም በጨዋ ደንብ ንገሩኝ። ማንበብ ለማይችል ሰው ያነበበ ሼር ካደረገው ይበልጥብኛል።

ፈጣሪ ለአገራችንም፣ ላስጠለለችን ሱዳንም ሰላም ያውርድ። ቸር ያሰማን።

ከመንደር 8